ዶልፊን በጆሮው እያየ መረብ ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዶልፊኖች በድምፅ ይነጋገራሉ፣ በጨለማም በድምፅ ያያሉ ይባላል። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው እንስሳ የተዘረጋ መረብ እንዴት ያመልጠዋል? አንዱ ሲያዝስ ሌሎቹን ‹ወዲህ አትምጡ› አይላቸውም? ደግሞስ መረቡ ላይ የሚጮህ ነገር አስሮ ማባረር አይቻልም?»

ሥራዬ ከባሕር ውስጥ የተቀዳ ድምፅ መስማት ነው። ስለዚህ ከድምፁ ብጀምር አይፈረድብኝም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዶልፊን ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው ብንል ነገሩ ይቀለናል። (ሦስተኛም አለ። ሲናደድና ሲቀናቀን የሚያሰማው የሚንጣጣ ጩኸት ነው፤ ለዛሬ እንተወው።) አንዱ ለማየት ነው፣ ሌላው ለመነጋገር። ሰዎች ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ ነው «እንዴት አያየውም» እና «ለምን አይናገርም» የሚሉት ጥያቄዎች አንድ መልስ ያላቸው የሚመስለው።

የሚያይበት ድምፅ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከአፉ አይወጣም። አናቱ ላይ ካለው የመተንፈሻ ቀዳዳ ሥር ከንፈር የሚመስሉ የሥጋ እጥፋቶች አሉ። አየር ሲገፋቸው ይጋጫሉ። ድምፁ ግንባሩ ላይ ባለው እብጥ ያለ ስብ ውስጥ ያልፍና እንደ ባትሪ ብርሃን ጠበብ ብሎ ወደፊት ይወረወራል። የሚመለሰውን ማሚቶ ደግሞ በታችኛው መንጋጋው ይቀበላል። መንጋጋው ውስጥ ያለው ስብ ድምፁን እስከ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሰዋል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጮኾ ማሚቶውን የሰማ ሰው ገደሉ ሩቅ ይሁን ቅርብ መገመት ይችላል። ዶልፊኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እሱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማድረጉና ከርቀቱ ሌላ የነገሩን መጠን፣ ቅርፅና ጥንካሬ ጭምር ማንበቡ ነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ማሚቶው ወዲያው ይመለሳል። የእኛ ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በላይ አይሰማም። ቦትልኖዝ የሚባለው የዶልፊን ዓይነት ጆሮ 150 አካባቢ ይደርሳል።

እንዲህ ከሆነ መረቡ ምን ነካው?

መጀመሪያ ክሩን እንይ። የዛሬ መረብ በአብዛኛው የሚሠራው ከአንድ ወጥ የናይለን ክር ነው። ጥርት ያለ፣ ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ክር። በእጅዎ ይዘውት እንኳ ብርሃን ካልመታው ዓይንዎ ያጣዋል። በጆሮም ያው ነው። 120 ኪሎኸርዝ ያለው የዶልፊን ድምፅ በውሃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ክሩ ከዚያ እጅግ ይቀጥናል። ናይለን ደግሞ ከውሃ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ድምፅ ምንም እንዳልገጠመው ያልፋል፤ የሚመለሰው ሹክሹክታ ነው። ዓሣው ግን ሆዱ ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አለው። አየር በውሃ ውስጥ ለድምፅ እንደ መስታወት ነው፣ በኃይል ይመልሰዋል። አስቡት እንግዲህ፦ ከፊት የሚያብለጨልጭ ዓሣ፣ መካከል ላይ የሸረሪት ድር።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዶልፊንም ይሆናል።

ቢሆንም ክሩ ብቻ ነው ጥፋተኛው አልልም። ቦትልኖዝ ዶልፊን መረብን ከበርካታ ሜትሮች ርቀት ሊያውቀው እንደሚችል ይገመታል። ከላይ የሚያንሳፍፉት ኳሶችና ከታች ያለው ገመድ ከክሩ ይልቅ በደንብ ይሰማሉ። እንዲያውም ብዙ ዶልፊኖች መረብን አሳምረው ያውቃሉ። የተያዘውን ዓሣ ከመረቡ እየለቀሙ የሚበሉ አሉ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲስብ ጭንቅላት ብቻ የቀረው ዓሣ ካገኘ ማን እንደቀደመው ይገባዋል።

ትልቁ ነገር ትኩረት ነው። ዶልፊን ሁልጊዜ ጠቅ ጠቅ አይልም። በለመደው ውሃ ሲጓዝ፣ ሲያርፍ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲላፋ ዝም ሊል ይችላል። እኛም የቤታችንን ኮሪደር በሌሊት መብራት ሳናበራ ነው የምናልፈው። አንድ ሰው ኮሪደሩ መሐል ወንበር ቢያስቀምጥ ግን አለቀልን። ድምፁን ቢያሰማም ጨረሩ ጠባብ ነው፤ ዓሣ እያባረረ ከሆነ የሚያበራው ዓሣው ላይ ነው። ስልኩን እያየ ሲሄድ ከመስታወት በር ጋር የተላተመ ሰው ዓይኑ ታሞ አይደለም።

ሌላም አለ። ማወቅና አደጋ መሆኑን መረዳት ይለያያሉ። ባሕር ውስጥ ለዘመናት ያልነበረ ነገር ነው ይህ። ቀጭን፣ የማይንቀሳቀስ፣ የማይናከስ ነገር እንደሚገድል ከማን ይማረዋል? የተማሩት ብዙዎቹ ለመናገር አልተረፉም።

አሟሟቱን ሳልነግር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ካልተነገረ የቀረው አይገባም። ምንቃሩ ወይም ጥርሱ አንድ የመረብ ዓይን (በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ) ውስጥ ይገባል። ለመውጣት ዞር ሲል ክንፉ ይያዛል። ሲታገል ጅራቱ ይጠቀለላል። ዶልፊን እንደኛ ሳያስበው አይተነፍስም፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ አስቦ የሚያደርገው ነው። ውሃ ውስጥ ሳለ ቀዳዳውን ዘግቶ ይይዛል። እስከ መጨረሻውም እንደዘጋ ይቆያልና ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ውሃ ውጦ ሳይሆን ታፍኖ ነው። ከደቂቃዎች አያልፍም። ባሕር ዳርቻ የወጣ ሬሳ ስንመረምር መጀመሪያ የምንፈልገው ምንቃሩንና ክንፎቹን የከበበ፣ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ነው። መረቡ የፈረመው ፊርማ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸኛው ነው።

የሚነጋገሩበት ድምፅ ፉጨት ነው። አብዛኛውን የሰው ጆሮ ሊሰማው ይችላል። እያንዳንዱ ቦትልኖዝ ዶልፊን የራሱ የሆነ ፉጨት አለው። ሜልባ እና ዴቪድ ኮልድዌል የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ይህን በ1965 ጽፈዋል። ግልገሉ ፉጨቱን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አይቀይረውም። በ2006 ደግሞ ቪንሰንት ያኒክና ባልደረቦቹ ዜማውን በኮምፒውተር ሠርተው፣ የድምፁን ለዛ አውጥተው አሰሟቸው። ዶልፊኖቹ በዜማው ቅርፅ ብቻ ዘመዳቸውን ለዩ። በ2013 ስቴፋኒ ኪንግ እና ያኒክ በስኮትላንድ ባሕር የእያንዳንዱን ዶልፊን ፉጨት ቅጂ መልሰው አጫወቱለት። ባለቤቱ መለሰ። ለሌላው ፉጨት ግን እንዲያ አልመለሰም። ስሙን ሲጠሩት «አቤት» እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት፣ ዶልፊኖች ከተለያዩ ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ የቀድሞ ጓደኛቸውን ፉጨት እንደሚያውቁ አሳየ። እኔ የክፍል ጓደኞቼን ስም ረስቼ በየመንገዱ «አንተ! እንዴት ነህ?» እያልኩ ነው የማመልጠው።

ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የመጡት ፍሎሪዳ ውስጥ ከሳራሶታ ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ ያሉት ዶልፊኖች ከ1970 ጀምሮ በትውልድ ሐረጋቸው እየታወቁ ይጠናሉ። አልፎ አልፎ ለጤና ምርመራ በጥንቃቄ ተከብበው ይያዙና ይለቀቃሉ። በዚያ ጊዜ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ይለጠፍላቸዋል።

የተያዘ ዶልፊን ምን ይላል? ስሙን። ደጋግሞ ስሙን። ነፃ ሆኖ ሲዋኝ ከሚያሰማው ፉጨት ግማሽ ያህሉ የራሱ መለያ ነው። ሲያዝ ግን ሌላው ሁሉ ይቀርና እሱ ብቻ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ ብዛቱም ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ጠመዝማዛ መስመር፣ ከጎኑ ያው መስመር፣ ከጎኑ ያው፣ እስከ ገጹ ጫፍ። ግልገሏ አብሯት ያለች እናት ደግሞ ያንኑ ፉጨቷን ቀጠን አድርጋ ታሰማለች፤ እኛ ሕፃን ስናናግር ድምፃችንን እንደምናቀጥነው። ይህ በ2023 በ19 እናቶች ላይ ታይቶ ታትሟል።

እንግዲህ «ወዲህ አትምጡ» የሚል ፉጨት አልተገኘም። ያለው «እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ነው። ይህ ጥሪ ለሚሊዮኖች ዓመታት ጥሩ ሲሠራ ኖሯል። ግልገል ከእናቱ ሲለይ፣ ጓደኛ በደፈረሰ ውሃ ሲጠፋ፣ የሰማው ይመጣል። ዶልፊኖች የተጎዳ ጓደኛን ከበው ይቆያሉ፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲገፉትም ታይተዋል። መረብ ግን ለዚህ ደግነት አልተዘጋጀም። የመጣው የሚቆመው መረቡ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። በአርጀንቲና ባሕር ዳርቻ በመረብ ከሞቱት ፍራንሲስካና የሚባሉ ትናንሽ ዶልፊኖች መካከል እናትና ልጅ አብረው መያዛቸው በዘረመል ምርመራ ታውቋል። ጥሪው ነው ያመጣው ብዬ ግን አልምልም። ጎን ለጎን መዋኘት ብቻውን ይበቃል። ነገር ግን መረብ ዘመድን ከዘመድ ጋር እንደሚይዝ ከታወቀ፣ አንድ መረብ የሚያደርሰው ጉዳት በሬሳ ቁጥር ብቻ እንደማይለካ ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉም አያፏጩም። ፖርፖይዝ የሚባሉት አጠር ያሉት የዶልፊን ዘመዶች ፉጨት የላቸውም፤ 130 ኪሎኸርዝ አካባቢ በሆነ ጠቅታ ያያሉም ይነጋገራሉም። ከእነሱ ትንሿ ቫኪታ የምትኖረው ሜክሲኮ ውስጥ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ብቻ ነው። በ1997 በተደረገ ቆጠራ 567 ያህል ነበሩ። በ2023 የወጡ ተመራማሪዎች የገመቱት ከ10 እስከ 13 ነው። ማንም ቫኪታን ሊይዝ አልወጣም። የሚፈለገው ቶቶዋባ የሚባል ትልቅ ዓሣ ነው፤ ከእሱም ሥጋው ሳይሆን ያ ቅድም ያልኩት የአየር ከረጢት። ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል፤ ንግዱ ሕገ ወጥ ነው። ለቶቶዋባ የተዘረጋው መረብ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ የቫኪታ ጭንቅላት ልክክ ይልበታል። በ2022 የሜክሲኮ ባሕር ኃይል መረብ የሚይዝ ብረት ያላቸው የኮንክሪት ብሎኮች ወደ ባሕሩ ወለል አወረደ። ዛሬ ቫኪታ መኖሯን የምናውቀው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ነው፤ ውሃ ውስጥ የተሰቀሉ መቅረጫዎች ጠቅታዋን ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የሚጮህ ነገር ማሰር። ይቻላል፤ ተደርጓልም። ፒንገር ይባላል። የሙዝ ያህል ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ውስጡ ባትሪ አለው። የተለመደው ዓይነት በየ4 ሰከንዱ 10 ኪሎኸርዝ የሆነች አጭር ድምፅ ያሰማል። በየ100 ሜትሩ ገደማ ገመዱ ላይ ይታሰራል። በአሜሪካ የሜይን ባሕረ ሰላጤ በ1994 ተፈትኖ በ1997 በታተመው ጥናት፣ ድምፅ በሌላቸው መረቦች 25 ፖርፖይዞች ሲሞቱ ድምፅ ባላቸው 2 ብቻ ሞቱ። የመረቦቹ ብዛት እኩል ነበር ማለት ይቻላል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ውጤት በየቀኑ አይገኝም።

ታዲያ ለምን አላለቀም? ፖርፖይዝ ፈሪ ነው፣ ድንግጥ ብሎ ይሸሻል። ቦትልኖዝ ግን ደፋርና ብልጥ ነው። ድምፁን ይለምደዋል፤ ይባስ ብሎ «መረብ እዚህ አለ፣ ዓሣ ተይዟል» የሚል ማስታወቂያ ሊያደርገው ይችላል። በአርጀንቲና ፒንገር ለፍራንሲስካና ሠራ፤ የባሕር አንበሶች ግን እንደ ምሳ ደወል ቆጥረውት መረቡን ዘረፉት። ባትሪውም ያልቃል። ከረድፉ አንዱ ዝም ሲል በአጥር መካከል በር እንደተከፈተ ነው። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ለሆነ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መረቡን ሁሉ ፒንገር ማልበስ ቀልድ ነው። ሁሉም መረብ ቢጮህስ? እንስሳቱ ከሚመገቡበት ቦታ ይባረራሉ። ያ ማዳን ይሁን ማፈናቀል እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔ ተስፋ የማደርገው ከሚጮህ ነገር ይልቅ መረቡን ራሱን በመቀየር ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች 8 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ የአክሪሊክ ዶቃዎች መረቡ ላይ አስረው ሞክረዋል። ዶቃዋ ትንሽ ናት፣ በፖርፖይዝ ጠቅታ ግን ከመጠኗ በላይ ጎልታ ትሰማለች። ዶቃ ባትሪ አያስፈልጋትም። እንስሳው ዝም ብሎ ከሄደ ግን እሷም ዝም ናት። በፔሩ መረብ ላይ አረንጓዴ የኤልኢዲ መብራት ሲታሰር የትናንሽ ዶልፊኖችና ፖርፖይዞች ሞት በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከሁሉ የምወደው የፓኪስታን ቱና አጥማጆች ያደረጉት ነው፦ መረቡን ከውሃው ገጽ 2 ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ። ዶልፊኖች በላይ ያልፋሉ፣ ቱናው ከታች ይያዛል። ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ ወጪው ረዘም ያለ ገመድ ነው።

ከብቦ የሚዘጋው የቱና መረብ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በምሥራቃዊ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ቱና ከዶልፊኖች ሥር ስለሚዋኝ፣ አጥማጆች ዶልፊኑን እያዩ ሆን ብለው ይከብቡት ነበር። ከ1959 ጀምሮ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሞቱ ይገመታል። ያዳናቸው ቴክኖሎጂ ሳይሆን የመርከብ አነዳድ ነው ማለት ይቀላል። መርከቧ ወደኋላ ስትሄድ የመረቡ ጫፍ ይሰጥምና ዶልፊኖቹ በላዩ ይወጣሉ። ዛሬ በዓመት የሚሞቱት ከ1,000 በታች ናቸው። አንድ ነገር ግን እስካሁን ይገርመኛል። ከመረቡ አፍ በላይ ዘለው መውጣት የሚችሉ እንስሳት ናቸው፤ አይዘሉም። ተሰብስበው ጸጥ ብለው ይንሳፈፋሉ። ብዙ ጊዜ የተያዙት ደግሞ መርከቧ ወደኋላ እስክትሄድ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

በዓለም ዙሪያ በ2006 የወጣ ግምት በዓመት ከ300,000 በላይ ዓሣ ነባሪዎች፣ ዶልፊኖችና ፖርፖይዞች ሳይፈለጉ ተይዘው እንደሚሞቱ ይላል። አብዛኛውን የሚይዘው እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠለው የናይለን መረብ ነው።

ያልጠየቁትን አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሲያዝ ካዩ ምን ያድርጉ? መረቡን መሳብ ያቁሙ። መጀመሪያ የመተንፈሻ ቀዳዳው ከውሃ በላይ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በጅራቱ ወይም በክንፉ አይጎተት፤ መገጣጠሚያው ይወልቃል። ክሩን ቆርጠው ሲጨርሱ ዙሪያውን በእጅዎ ይዳስሱ። አንድ ዙር ክር ከቀረበት ሲያድግ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ሞተሩን ቶሎ አያስነሱ። ስሙን ሲጠራ ቆይቷልና ጓደኞቹ ከጀልባው ሥር ሊሆኑ ይችላሉ።